ስሚዛዋ ናት ወይስ ቀኑ?

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ በቡና ስኒ አረንጓዴ ጭማቂ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ስኒዋ ግማሽ እንኳን አልሞላችም። ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶታል።

«ሦስት ጠብታ ብቻ ነው። በጥጥ ነክሬ ከንፈሯ ላይ ጠብ አደርግላታለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ» አለችኝ።

ዝም ብዬ መተኛት አልቻልኩም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባንክ ነው የምሠራው። የወለድኩትም እዚያው ጤና ተቋም ነው። ግን የመጀመሪያ ልጅ የተወለደ እንደሆነ አራሷ እናቷ ቤት ነው የምትከርመው፣ በእኛ አገር ወግ። ስለዚህ በነጋታው ባለቤቴ መኪና ለምኖ ደምበጫ አቅራቢያ ወዳለው የእናቴ ቤት ወሰደን። ገንፎው ተገነፋ። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል ይወጣል። መስኮቱ ተዘጋ፤ በሩ ላይ ጋቢ ተንጠለጠለ። እኔን ምች እንዳይመታኝ፣ እሷን የሰው ዓይን እንዳያያት።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ልጄ ቢጫ መሆኗን ማንም አላየም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሙቀቱ አስጨንቆኝ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ በሩ ሥር ተቀምጬ ሳጠባት ነው ያየሁት። ዓይኗን ስትገልጥ ነጩ ነጭ አይደለም። ፊቷም፣ ደረቷም የኑግ አበባ ነገር መስሏል። መጀመሪያ የብርሃኑ ነው ብዬ ነበር። እጄን አጠገቧ አድርጌ ሳየው የብርሃኑ አይደለም።

እናቴ አንድ ጊዜ አይታ «የወፍ ነው» አለች። በቃ። ምርመራው አለቀ።

የወፍ በሽታ ጎጃም ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ሰው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ምግብ ከዘጋው የወፍ ይዞታል ይባላል። እናቴ እንደምትለው የሌሊት ወፍ በላዩ ላይ አልፋ ነው፤ ልብስ ውጭ ካደረም በዚያው ይመጣል። አዋቂም ይያዛል፣ ሕፃንም ይያዛል፣ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ለሕፃን ጠብታው ያንሳል እንጂ። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የተለየ አላውቅም ነበር። ዲግሪ አለኝ እኮ! ግን ስለ ጉበት የተማርኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ለፈተና ነው።

መድኃኒቱን የቀመሙት የእናቴ ወዳጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚሆን፣ እጃቸው ቀላል ነው የሚባልላቸው ሴት። ቅጠሉን የሚቆርጡት ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግሩ። ስሙ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ስለዚህ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ግን ሽታውን ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስሚዛ ነው፤ ሌላው አገር ሰንሰል የሚለው። የእናቴ ግቢ አጥሩ በሙሉ ስሚዛ ነው! ሚስጥሩ ቤታችንን ከብቦት ነው የኖረው ማለት ነው። ሌላ ሁለት ነገር እንደጨመሩበት በኋላ ሰምቻለሁ፤ እሱን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያን ማታ ስኒውን የከለከልኩት አውቄ አይደለም። ፈርቼ ነው። የሦስት ቀን ልጅ ሆድ ውስጥ ጡት ብቻ ነው መግባት ያለበት ብላ ያስተማረችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነበረች፤ እሷን ነው ያስታወስኩት። «እማ፣ እስኪ ነገ ይሁን» አልኳት። እናቴ ተቀየመች። ስኒውን መሶቡ ላይ አስቀምጣ «እኔ ያሳደግኳችሁ በምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት።

«በዚህ መድኃኒት ስንት ልጅ ዳነ?» አልኳት ትንሽ ቆይቼ። ጨለማው ውስጥ ጣቷን እየቆጠረች ትሰማኛለች። የእኔ ታላቅ ወንድም። የአጎቴ ሁለት ልጆች። የጎረቤት መንታ። እያለች እያለች ዘጠኝ ደረሰች። አንድ ጣት ተረፋት።

«ያልዳነስ?»

«ያልዳነ የለም።»

ዘጠኝ ለዜሮ። እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ሐኪም ቤት የትም የለም። ግን እኔ ሒሳብ የማስታርቅ ሰው ነኝ፤ ምንም የማይጎድልበት መዝገብ ሳይ ደስ አይለኝም፣ እጠረጥራለሁ። እናም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ከእኛ ቤት በታች አንድ ሕፃን ሞቶ ነበር። ለቅሶው ትዝ ይለኛል፣ ምክንያቱን ግን አላውቅም።

«የታችኞቹ ቤት ልጅስ? እሱ ቢጫ አልነበረም?»

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «እሱማ ቡዳ ነው የበላው» አለች። «የወፉንማ መድኃኒት ሰጥተውት ነበር። በኋላ ጡት እምቢ አለ። ጩኸቱ እንደ ሰው ጩኸት አልሆን አለ። ጀርባው ወደ ኋላ እንደ ደጋን ተለጠጠ። ቡዳ ነዋ፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ከዚህ በኋላ ነው እንቅልፍ ጭራሽ የጠፋው። ምክንያቱም መዝገቡ እንዴት እንደተጻፈ ገባኝ። የዳነው ሁሉ በስሚዛዋ ሒሳብ ይገባል። ያልዳነው ደግሞ በሌላ ሒሳብ ይወጣል፤ በቡዳ፣ በምች፣ በቁርባ፣ «ዘግይተው ነው ያመጡት» በሚል። ማንም አልዋሸም። እናቴ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም። ግን እንዲህ ሆኖ በተያዘ መዝገብ ውኃም ቢሰጥ ዘጠኝ ለዜሮ ያሸንፋል።

ውኃም ቢሰጥ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። አሁን ያን ጊዜ የማላውቀውን፣ በኋላ ሐኪም ጠይቄም አንብቤም ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

ቢጫው የሚመጣው ከደም ነው። ቀይ የደም ሴል ሲያረጅ ይፈርሳል፤ ውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ሲሰባበር ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ተመትቶ የበለዘ ቆዳ ከቀናት በኋላ ቢጫ የሚለው እኮ በዚሁ ነው። ይህን ቢጫ ነገር ጉበት ተቀብሎ በውኃ የሚሟሟ አድርጎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኘዋል፤ ከዚያ በሰገራ ይወጣል። አዲስ የተወለደ ልጅ ደግሞ ሁለት ችግር አለበት። ደሙ ብዙ ነው፣ ቀይ ሴሎቹም ከአዋቂው ቶሎ ይፈርሳሉ። ጉበቱ ግን ገና ሥራ አልጀመረም፤ ቢሊሩቢንን የሚያሟሟው ኢንዛይም ሲወለድ ከአዋቂው አቅም መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ማሕፀን ውስጥ እያለ ይህን ሥራ በእንግዴ ልጅ በኩል እናቱ ነበረች የምትሠራለት። እትብቱ ተቆረጠ፣ ሥራው በእሱ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ በጊዜያቸው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 60 ያህሉ፣ ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ 80 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላሉ። ከሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይጀምራል፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ይብሳል፣ ከዚያ ጉበቱ ሥራውን ሲለምድ ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አብዛኛው ላይ ይጠፋል። ያለ መድኃኒት።

አሁን የስሚዛዋን ቀን አስቡት። የሚሰጠው መቼ ነው? ቢጫው ሲታይ፣ ማለትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ልክ ጣሪያ ሊነካ ሲል። «በሳምንቱ ይለቀዋል» ይባላል። በሳምንቱ ይለቀዋል! ቀኑ ነው የሚለቀው። የጎህ ወፍ ስለጮኸ አይደለም የሚነጋው።

እና ስሚዛዋ ምንም አትሠራም ማለት ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እኔም በቀላሉ «የድሮ ሰው አያውቅም» ብለው ከሚያልፉት ጋር አይደለሁም። ስሚዛ በባዶ ሜዳ ዝና ያተረፈች ቅጠል አይደለችም። የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ያሉበት እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። አይጦቹን ጉበት በሚጎዳ ኬሚካል መርዘው ከስሚዛ ቅጠል ያወጡትን ንጥር ሲሰጧቸው የጉበቱ ጉዳት ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቴም ብትሰማው ደስ ይላታል። ግን ምን እንደሚል እንየው። አይጥ ነው። አዋቂ አይጥ። ጉበቱ የተመረዘ አይጥ። የልጄ ጉበት ግን አልተመረዘም፣ አልታመመምም፤ ገና ነው እንጂ። የታመመን ማከምና ያልደረሰን ማድረስ አንድ ሥራ አይደለም። አዋቂውን የያዘው የወፍ አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ቫይረስ ነው። የሕፃኑ ቢጫ ሌላ ነገር ነው። አንድ ያደረጋቸው «የወፍ» የምትለዋ ቃላችን ናት፤ ቀለማቸውን አይታ አንድ ስም ሰጠቻቸው፣ ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ ሆነ።

ቻይናዎች ደግሞ ከእኛ አሪቲና ጭቁኝ ጋር ወገን የሆነ ቅጠል አላቸው፤ ይን ቼን ይሉታል። ለቢጫ ሕፃናት ከጥንት ጀምሮ ይሰጡታል፤ ዛሬም በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህ መድኃኒት በአይጥ ላይ ጉበት ቢሊሩቢን የሚያስወግድባቸውን ጂኖች የሚቀሰቅስ መሆኑን፣ ከውስጡ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሚሠራውም ጭምር አሳይተዋል። አሮጌው የቻይና ጥበብ የሆነ ነገር ይዞ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ለእናቴ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን አስቀመጥኩት። ያው የቻይና ሕክምና ለሕፃናት ከሚያዘወትራቸው ሌላ አንድ መራራ ሥር አለ፤ በርበሪን የሚባል ነገር ያለበት። በርበሪን ቢሊሩቢንን ከፕሮቲን ላይ ያላቅቀዋል። ቢሊሩቢን ደም ውስጥ የሚጓዘው አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ተሸክሞት ነው፤ ተጣብቆ እስካለ ድረስ አንጎል ውስጥ አይገባም። ከተላቀቀ ይገባል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1978 በርበሪን ያለባቸውን ዕፆች ከለከለች፤ ከአዲስ የተወለዱ ሕፃናት ከባድ ቢጫነት ጋር ስለተያያዙ። ከብዙ ዓመት በኋላ እገዳው ተነሥቷል፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን አልቀረም። እንግዲህ ለቢጫ የሚሰጥ መድኃኒት ቢጫውን ወደ አንጎል ሲሸኘው አስቡት። ቅጠል ኃይል ካለው ለመልካምም ለክፉም ነው፤ የሦስት ኪሎ ሰው ላይ ደግሞ ሦስት ጠብታ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የስኒው ጭማቂ ትናንት ከተቆረጠውና ከትናንት ወዲያ ከተቆረጠው፣ ከክረምቱና ከበጋው ስሚዛ ይለያያል። ሚስጥር የሆኑት ሁለቱ ቅጠሎችም አሉ።

ወደዚያ ማታ ልመለስ። በመሐል ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ወሬው ለካ ደርሷታል። «ቅጠሉን እንዳትሰጫት፤ ባለፈው ክረምት ትቼልሽ የሄድኩት ብልቃጥ አለ አይደል? እሱን ስጫት፣ ሆሚዮፓቲ ነው፣ እሱም ከዕፅ ነው፣ ምንም ኬሚካል የለውም» አለችኝ። ብልቃጧን ባለቤቴ ከደብረ ማርቆስ በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ትንንሽ ነጭ የስኳር ጠጠሮች። ላይዋ ላይ «ኬሊዶኒየም 30 ሲ» ይላል።

ስለዚህች ብልቃጥ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይባት። ሆሚዮፓቲና የባህል ቅጠል መድኃኒት አንድ አይደሉም። ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1796። ሐሳቡ፣ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር በጣም ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ የመሰለ ሕመም ያድናል የሚል ነው። ሲያቀጥኑት ደግሞ ቀልድ የላቸውም። ከቅጠሉ አንድ እጅ ወስደው ከ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ይመቱታል፤ ከዚያ ላይ አንድ እጅ ወስደው እንደገና ከ99። 30 ሲ ማለት ይህን 30 ጊዜ ማድረግ ነው። ቁጥሩ ሲጻፍ 1 ብሎ 60 ዜሮ ይከተለዋል። ባንክ ቤት ስሠራ ብዙ ዜሮ አይቻለሁ፤ ስድሳ ግን አይቼ አላውቅም። ከአሥራ ሁለተኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ቅጠል አንዲት ሞለኪውል እንኳን የመገኘቷ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአውስትራሊያ መንግሥት የጤና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶቹን ሰብስቦ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም ሕመም አላገኘሁም ብሏል።

የአክስቴ ልጅ «ምንም ኬሚካል የለውም» ያለችው እውነቷን ነው። ምንም የለውም።

የሚገርመው ደግሞ ኬሊዶኒየም የሚባለው ተክል ሲቆረጥ ቢጫ ወተት ነው የሚወጣው። ፈረንጆቹም ድሮ ቢጫ ለቢጫ ብለው ነው ለጉበት የመረጡት። ሳይቀጥን ሲወሰድ ግን ጉበት እንደጎዳ ከራሷ ከጀርመን ሪፖርቶች ወጥተዋል። እንግዲህ በአንድ ማታ ሁለት መድኃኒት ቀረበልኝ፤ አንዱ ስኒ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አይታወቅም፣ አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ምንም የለም። ባዶው ይሻላል ትሉ ይሆናል። እኔ አልልም። እሱን ሰጥቼ «እስኪ ሳምንት ልየው» ብል ኖሮ የሚጎዳት ስኳሩ ሳይሆን ሳምንቱ ነበር።

ምክንያቱም ከአብዛኞቹ መሐል የማይለቃቸው አሉ። ቢጫው በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ድረስ ከወረደ፣ ልጁ ጡት ከተወ፣ ከዛለ፣ ድምፁ ቀጥኖ ከጮኸ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ፣ ያ የጉበት መዘግየት ብቻ አይደለም። ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ እዚያም ጉዳት ያደርሳል። የሚተርፈውም መስማት ሊያጣ፣ እጅ እግሩ ሊታዘዝለት ላይችል ይችላል። ሌላም አለ። ቢጫው ከሁለት ሳምንት አልፎ፣ ሰገራው እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ሽንቱ ከጠቆረ የሐሞት ቧንቧ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ነው የሚሞከረው፣ ያውም ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረግ ነው ይበልጥ የሚሳካው። በዚህ መሐል ሁለት ሳምንት ስሚዛ፣ ሁለት ሳምንት ጠበል፣ አንድ ወር ደግሞ አዋቂ ፍለጋ ሲኬድ ሁለቱ ወር ያልቃል።

ሊነጋጋ ሲል ልጄ ለመጥባት ሰነፈች። ጡቱን አፏ ውስጥ አድርጋ ትተኛለች። እሱ ነው የቆረጠልኝ። ባለቤቴን ደውዬ ጠራሁት።

እናቴ «አራስ በጠዋት ብርድ ይወጣል?» ብላ ጮኸች። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ከእኛ ጋር ሚኒባሱ ላይ ወጣች። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ አላናገረችኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልጄን ወደ መስኮቱ መውሰድ ነው። ወደ ብርሃን! አፍንጫዋን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፣ ደረቷን ጫን፣ ጉልበቷን ጫን፤ ቆዳችን ጠይም ስለሆነ ሲጫኑት ነው ቢጫው የሚገለጠው። ከዚያ ጥያቄውን ጀመረች። «ጡት ትጠባለች? ዝላለች? ጩኸቷ ተለውጧል? ጀርባዋን ወደ ኋላ ትለጥጣለች?» የመጨረሻውን ስትጠይቅ ዞሬ እናቴን አየኋት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ያ የታችኛው ቤት ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለታችንም ፊት መጥቶ ቆመ።

ቢሊሩቢኗ 19 ሆኖ ተገኘ፤ መታከም ያለበት መጠን ነው። የእኔ ደም ኦ ነው፣ የእሷ ኤ። የእኔ ደም የእሷን እንደ ባዕድ አይቶ ቀይ ሴሎቿን ቶሎ ቶሎ ሲያፈርስባት ነበር። የሌሊት ወፍ እኔው ነበርኩ ማለት ነው።

እናም ሐኪሙ ሌላም ጠየቀኝ፤ መልስ የከበደኝ እሱ ነው። «እንገሩን አጥብተሻታል?» አልጠባችም። እናቴ ቆሻሻ ነው ብላ አልባ ደፍታዋለች፣ በምትኩ ቅቤ በጣት አውጠናታል። እኔም ዝም አልኩ፤ ቅቤ ሆድ ያለሰልሳል ተብሎ ነው ያደግነው። እንገሩ ግን የሕፃኑን የመጀመሪያ ጥቁር ሰገራ ቶሎ የሚያስወጣው ነው። ሰገራው አንጀት ውስጥ ከቆየ በሐሞት ወርዶ የነበረው ቢሊሩቢን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ የወፉን መድኃኒት ከመፈለጋችን በፊት ወፉን እኛው ነን ያሳደርነው፤ እንገር ደፍተን፣ መስኮት ዘግተን። ከሁሉም የማዝነው በዚህ ነው። ስሚዛዋንስ ፈርቼ ከልክያለሁ።

ልጄን ልብሷን አውልቀው፣ ዓይኗን ሸፍነው ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት። ሁለት ሌሊት። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ደቂቃ ዓመት ነው። እናቴ መጀመሪያ «ልጅን ራቁቷን መብራት ላይ መጥበስ ምን የሚሉት ሕክምና ነው!» ብላ አጉረመረመች። እኔ ደግሞ አምኜ ሳይሆን አማራጭ አጥቼ ነው የተቀመጥኩት፤ መብራት እንዴት ደም ያጠራል?

የዚህን መብራት ታሪክ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው፤ ለእናቴም ነግሬያት ወዳዋለች። የጀመረው በመብራት አይደለም፣ በፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምትንከባከብ ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ንጹሕ አየርና ፀሐይ ለልጅ ይበጃል ብላ የምታምን፤ ልክ እንደ እኛ እናቶች። ደህና ደህናዎቹን ሕፃናት ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ አንዱን ልጅ ገልጣ አሳየቻቸው። ሰውነቱ ቀለሙ ጠርቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ደማቅ ቢጫ አለ። ሐኪሞቹ ቀለም ቀብታው መሰላቸው። ለካ አንሶላው ጫፉ ሸፍኖት የዋለው ቦታ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቢጫ ሕፃን ደም ያለበት ብልቃጥ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሲመረመር ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ሪቻርድ ክሬመር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር መብራት ሠርቶ ሞከረው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ታተመ። ብርሃኑ፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ቆዳ ላይ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ለውጦ ያለ ጉበት እገዛ እንዲወጣ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚመላለሰው። ያቺ ነርስ ያየችው እናቴ ልታየው የምትችለውን ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ የተሸፈነና ያልተሸፈነ ቆዳ በአንድ ልጅ ላይ ጎን ለጎን ተገኘ፤ ከዚያም ሰዎች ተነሥተው ለኩት። የእኛ ስሚዛ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣት አላገኘችም። በመንደራችን ቢጫ ሆኖ ስሚዛ ያልተሰጠው ልጅ ስለሌለ በምን ይወዳደራል? መቶ ልጅ ቢሰጠው፣ መቶ ባይሰጠው፣ የሁሉም ደም ቢለካ፣ የሞተውም የቡዳ ሳይባል እዚያው መዝገብ ላይ ቢጻፍ ያን ጊዜ እንነጋገር ነበር። በሰው ሕፃን ላይ ከመሞከሩ በፊት ግን ብዙ መታወቅ አለበት።

«ታዲያ ፀሐይ ላውጣት?» የሚል አይጠፋም። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሌላ ነገር ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ልጁ ይግላል ወይ ይበርደዋል፣ መጠኑም አይታወቅም፣ ሌሊትም የለም። ናይጄሪያ ውስጥ ጎጂውን ጨረር በሚያጣራ ልዩ መጋረጃ ሥር ሕፃናትን አስተኝተው ከመብራቱ የማያንስ ውጤት አግኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ያም ቢሆን በጤና ባለሙያ ክትትል ነው፣ ደጃፍ ላይ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ቢሊሩቢኗ 11 ወረደ። ጡቷን እንደ ጅብ ጎተተችው። ስንወጣ የለበሰችውን ፎጣ ሳጥፍ ከእጥፋቱ ውስጥ በጥቁር ክር የታሰረ የደረቀ ነገር ወደቀ። አነሣሁት። የስሚዛ ቅጠል።

«እማ!»

«ምን ሆንሽ? አላጠጣኋትም» አለችኝ። «አታጠጫት አልሽኝ፣ አላጠጣኋትም።»

ምን ልበላት? ሳቄ መጣ። ነርሷም ሳቀች።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ድግሱ እናቴ ቤት ነበር። መድኃኒተኛዋ እማማም መጥተው ልጄን ተቀብለው አቀፏት፣ ጉንጯን አገላብጠው አይተው «ጠራች፣ ጠራች» አሉ። እኔም «አሜን፣ ይኑሩልን እማማ፤ አንቱም ደክመውላታል» አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል። አጠገባችን አንዲት እርጉዝ ጎረቤት ነበረች። ጠጋ ብላ እናቴን ስለ የወፍ መድኃኒት ጠየቀቻት። እናቴ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ፣ «እንገሩን እንዳትደፊው፣ መስኮቱንም ክፈቺው» አለቻት። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች የዳኑትን መቁጠር ጀመረች። ወንድሜ፣ የአጎቴ ልጆች፣ መንታዎቹ። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አሥረኛዋን ጣቷን አጥፋ ወደ ልጄ ጠቆመች።